ጉንዳን ያጀበው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ ባለች መንደር ጠጅ ቤት በተከፈተ ሰሞን፣ አያ ጅቦ የሚባል ሆዳም ጅብ አጥንቱን ትቶ ወደ ጣፋጭ ዞረ። ከጠጅ ቤቱ ጓሮ የሚደፋው አምቡላ፣ ማሩ የተጨመቀበት ሰፈፍ፣ ከድግስ የተረፈው ዳቦ ሁሉ የእሱ ነበር። በልቶ ይተኛል፤ ተነሥቶ ይበላል። ከጉድጓዱ እስከ ጠጅ ቤቱ ጓሮ መቶ እርምጃ ብቻ ስለሆነ፣ እግር ከዚያ በላይ ለምን እንደሚያገለግል ረስቶታል።

እያደር ግን ነገር መጣ። ቢጠጣ ቢጠጣ ጥሙ አይቆርጥለትም። ሽንቱ ፋታ አይሰጠውም። ያለ ልክ ይበላል፣ ጎኑ ግን ይከሳል። ከሁሉም የገረመው የጉንዳኖቹ ነገር ነው፤ ከሸናበት ቁጥቋጦ ሥር ዞር ከማለቱ ጉንዳን በሰልፍ ይመጣል። አያ ጅቦ ክብር መስሎት ደረቱን ነፋ።

«አየሽ እመት ቀበሮ፣ ንጉሥ አንበሳ እንኳ እንዲህ ያለ አጀብ የለውም» አላት ጎረቤቱን።

«አጀብ ለትልቅ ነው» አለች ቀበሮ። ዓይኗ ግን ከጉድጓዱ በር ከተቀመጠው ሙዳ ሥጋ ላይ አልተነሣም።

አንድ ቀን እግሩን እየጎተተ ሲያልፍ፣ የአገሩ አውሬ ሁሉ የሚያማክረው ሽማግሌው አባ ኤሊ አየው።

«አያ ጅቦ፣ ታነክሳለህ።»

«ጅብ አይደለሁ? አባቴም ያነክስ ነበር፣ አያቴም።»

«አባትህ የሚያነክሰው በሁለቱም በኩል ነበር። አንተ በአንድ በኩል ነው። እስቲ እግርህን አንሣ።»

ቢያነሣ የግራር እሾህ ተሰክቶ ቁስሉ መግሏል። እሾኹ መቼ እንደገባ አያ ጅቦ አያውቅም፤ አልተሰማውም ነበር። አባ ኤሊ እሾኹን ነቅሎ ቁስሉን አጠበለትና እሱ ከሸናበት ቁጥቋጦ ሥር የተሰለፉትን ጉንዳኖች ተመለከተ።

«ይህ የስኳር በሽታ ነው» አለ።

«የምን ስኳር? እኔ ስኳር በዓይኔም አይቼ አላውቅ።»

«እሱ ግን አንተን አይቶሃል። ስማኝ። ጣፋጩን ተው። ሆድህ በቃኝ ሳይል አንተ በቃኝ በል። በየማለዳው እስከ ወንዙ ሂድና ተመለስ። ከመተኛትህ በፊት እግርህን እያገላበጥክ እይ። አለዚያ እግርህን ታጣለህ፤ እግር የሌለው ጅብ ደግሞ ለሌላ ጅብ ሥጋ ነው።»

«መቼ ይለቀኛል?» አለ አያ ጅቦ።

«አይለቅህም። እንግዳ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ጎረቤት አይባረርም፤ አጥር ግን ይታጠራል። አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

አያ ጅቦ ዙሪያውን ቃኘ። «እንቁላሉ የት አለ?»

ይህን ምክር ለቀበሮ ቢነግራት ሳቀች። «ኤሊ ስለ መራመድ ምን ያውቃል? አጭሩን መድኃኒት እኔ ልንገርህ። ጣፋጭን የሚያጠፋው ምንድን ነው?»

«መራራ።»

«ጌሾስ ምንድን ነው?»

«መራራ።»

«ጌሾ የት ይገኛል?»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ልማዱ አልነበረምና ደከመው። በመጨረሻ ፊቱ በራ። «ጠጅ ውስጥ!»

ማሩን ረሳው። ቀበሮም አላስታወሰችውም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት አንድ ቅል፣ ቀትር አንድ ቅል፣ ማታ አንድ ቅል ጠጅ ይጠጣ ጀመር። መድኃኒት እንዲመስል ፊቱን አጨማዶ ነው የሚጠጣው። ብቻውን መድኃኒት መውሰድ እንዳይከፋው ብላ ቀበሮም አብራው ትጠጣለች። እሱ ሰክሮ ሲጋደም ደግሞ ሥጋውን ትበላለታለች።

ሳምንት አልፎ፣ በጠራራ ፀሐይ ሲሄድ መንገድ ዳር አንድ ጉቶ አየና አለፈው። ጉቶው ተናገረ።

«አያ ጅቦ፣ ዛሬ አታባርረኝም እንዴ?»

እመት አህይት ነበረች። ለመሸሽ ተዘጋጅታ ሳለ ዝም ብሎ ሲያልፋት ትንሽ ቅር ብሏታል። አያ ጅቦ ግን እዚያው ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ ደብዝዟል፣ ቁስሉም ሰፍቷል። አህያን ከጉቶ መለየት ያቃተው ጅብ፣ ምኑን ጅብ ሆነ?

እያነከሰ ወደ አባ ኤሊ ሄዶ የጌሾውን ነገር ነገረው።

«ጌሾ መራራ ነው፣ ልክ ብለሃል» አለ አባ ኤሊ። «ጠጁ የሚጣለው ግን ከምን ጋር ነው?»

«ከ… ማር ጋር።»

አባ ኤሊ ቁስሉን እንደገና አጠበለት።

በማግስቱ አያ ጅቦ፣ በየማለዳው ወንዝ የምትወርደውን አህያ አብሬሽ ልሂድ ብሎ ለመናት።

«እሺ፣ ግን ከፊት ከፊት ሂድ» አለችው። «ጥርስህ ወደ ወንዙ፣ ጭራህ ወደ እኔ።»

የመጀመሪያው ቀን ከግማሽ መንገድ ላይ ተዘረረ። «እኔን ስታባርር እንዲህ አይደክምህም ነበር» አለች አህያ፣ አጠገቡ ቆማ እየጠበቀችው። በሁለተኛው ሳምንት ወንዙ ደረሰ። ከጠጅ ቤቱ ጓሮ ራቀ፤ ሥጋውንም ከሁለት ከፍሎ ግማሹን ለማግስቱ ማሳደር ተማረ፤ በተረፈው ላይ ዓይኑ እንባ ያቅርር እንጂ። ማታ ማታ እግሩን ያገላብጣል። በመንደሩ ሰርግ ቀን ግን አልቻለም፤ አምቡላውን ልሶ፣ ዳቦውን ጠርጎ፣ ሲጠማው አደረ። አፍሮ ለአባ ኤሊ ነገረው። አባ ኤሊ አልተቆጣም። «ነገም ማለዳ አለ» አለው ብቻ።

ክረምቱ ሲወጣ ቁስሉ ገጥሟል። አያ ጅቦ እንደ አባቱ፣ በሁለቱም በኩል እኩል ያነክስ ጀመር። አንድ ማለዳ ቁጥቋጦው ሥር ሸንቶ ቆሞ ጠበቀ። ጉንዳኖቹ መጡ፣ አሸተቱ፣ አለፉ።

«እግዜር ይስጥልኝ እንኳ የለም» አለ፣ ትንሽ ከፍቶት።

በጠራው ዓይኑ ሰልፉን ተከተለ። ጉንዳኖቹ ዋርካውን ዞረው በቀጥታ ወደ ቀበሮ ጉድጓድ ሄዱ። እሷም ከሲታ ሆና ብቅ አለች፤ ጥሙ አላስተኛትም።

«እመት ቀበሮ» አላት አያ ጅቦ፣ «አጀብ ለትልቅ ነው ብለሽኝ ነበር።»

ቀበሮ ዞራ ሰልፉን አየች።

«ነይ፣ ወንዝ እንወርዳለን» አላት። «ብቻ ከፊት ከፊት ነው የምትሄጂው፤ የእመት አህይት ሕግ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ስኳርን አጭር መድኃኒት እንደማያባርረው፣ በየቀኑ ሆዱን የመጠነ፣ እግሩን ያራመደና ያገላበጠ ግን ከዚህ አስቸጋሪ ጎረቤት ጋር በሰላም ሊያረጅ እንደሚችል ነው።