ዝም ያለው ጠጠር

ይርዳው የሚባል ገበሬ ወደ የኔታ መጥቶ፣ «በእናታችን ቀብር ዕለት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ክፉ ተነጋገርን። አሁን ግን ጠቡ በርዷል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ዝም ብለን እንተላለፋለን። ያለፈውን ማንሳት ምን ይጠቅመኛል?» ሲል ጠየቃቸው። የኔታም እንዲህ አሉት፦

«አንድ ጨው አምራች ነበረ፣ በቆላ አገር። ጨዋማ ውሃ ኩሬ ውስጥ ያቁራል፤ ውሃውን ፀሐይ ሲያደርቀው የቀረውን ጨው ይሰበስባል። በዚያ ሐሩር ሲያልበው ይውላል፣ ውሃ ግን እምብዛም አይጠጣም። ሥራ ያስፈታኛል ይል ነበር።

በሽንቱ ሟሙቶ መውጣት የነበረበት ጨው የሚያሟሟው ውሃ አጣ። ኩላሊቱ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ ሆኖ ቀረ። በዚያች ቅንጣት ላይ ሌላ ተጣበቀ፣ በዚያም ላይ ሌላ፤ እየተነባበረ ጠጠር ሆነ። ሰውየው አላወቀም፤ አላመመውም ነበርና።

አንድ ቀን ጠጠሩ ተነቅሎ ወደ ቀጭኑ የሽንት መውረጃ ገባ። ሰውየው ጎኑን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሚስቱ መኪና ለምና ወደ ከተማ ይዛው ሄደች። መንገድ ላይ ሳሉ ሕመሙ ድንገት ተወው።

‹ወጥቶልኛል፣ እንመለስ› አላት።

‹እዚህ ድረስ መጥተን? ሐኪም ይይህ እንጂ!› ብላ ለመነችው። እሱ ግን መኪናውን አስቁሞ ወረደ።

ጠጠሩ አልወጣም ነበር። መውረጃውን ዘግቶ ተቀምጧል። ሽንቱ ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ኩላሊቱን ወጠረው፣ አሳሳው፣ በመጨረሻም ያለ ምንም ሕመም ገደለው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ትኩሳት ጥሎት ሐኪም ፊት ሲቀርብ፣ ‹ያኔ መጥተህ ቢሆን ኩላሊትህን እናድነው ነበር፤ አሁን ከማውጣት በቀር የምናደርገው የለም› አሉት።

‹ከዚያ ወዲህ አላመመኝም እኮ!› አለ ሰውየው። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ሰማች። ፊቷን አዞረች።»

የኔታ ወደ ይርዳው ተመለከቱ።

«አንተም ልጄ፣ ስላላመመህ የዳነ መስሎሃል። ያልተባባላችሁት ቃል በላዩ ላይ ሌላ እየጨመረ ደርቋል። ዝምታችሁም ጠቡ ስለ ወጣ አይደለም፤ በመካከላችሁ ያለውን መንገድ ስለ ዘጋ ነው። ዛሬውኑ ወንድምህ ዘንድ ሂድ።»

ይርዳው አንገቱን ደፍቶ፣ «የኔታ፣ ዘግይቼ ቢሆንስ?» አላቸው።

«ዘግይተህ ይሆናል» አሉት። «እዚህ ተቀምጠህ ግን አታውቀውም።»