ነገረ ፈጁ ጓንጉልና ሳይጻፍ የቀረው ኑዛዜ

የድሮ ሰዎች ሲያወጉት እንደሰማነው፣ በመንዝ አገር አያ ጓንጉል የሚባል ነገረ ፈጅ ነበረ። ሥራው ኑዛዜ መጻፍና ለወራሽ መሟገት ነው። ታዲያ ብራናውን ይዞ ብቅ ያለበት መንደር ሁሉ “ደግሞ ማን ታመመ?” ይላል። አንድ ቀን ወዳጁ ዘለቀ ደጁ ላይ ቢያየው ክው አለና “ምነው አያ ጓንጉል፣ ሞት ልትጠራብኝ ነው?” አለው።

ጓንጉልም «ሞትስ እኔ ቀረሁ ብሎ አይቀርም፤ እኔ ስቀር ደስ የሚላቸው ዘመዶችህ ናቸው» አለው።

ዘለቀ ልጅ የለውም። ቤቱንም መሬቱንም ያቀናው ከሚስቱ ከአስካለ ጋር ነው፤ ሐሳቡም ሁሉንም ለእሷ መናዘዝ ነበር። ግን “ውቂያው ይለቅ” አለ። ውቂያው ሲያልቅ “ጾሙ ይፈታ” አለ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ “ዘሩን ልዝራ” ሲል ጓንጉል ብራናውን ጠቀለለና፣

«ቀጠሮውስ መልካም ነው፤ ለሞት ነግረኸዋል?» አለው።

ክረምት ሲገባ ዘለቀ ሦስት ቀን አተኩሶት ሳይናዘዝ ሞተ። ጓንጉል ለቅሶው ላይ እንደዚያ ሲያለቅስ አገሩ አይቶት አያውቅም። ወዳጁን በግድ ይዞ አለማስጻፉ አንገበገበው።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ባላምባራስ አጥናፌ፣ በስስቱ የታወቀው፣ እዚያው ለቅሶ ላይ ሳያለቅስ ቆሞ ዐይኑ ከማሳ ማሳ ይዞራል። አንዱ ለቀስተኛ “ባላምባራስ እንዴት ቻሉት?” ብሎ ቢያደንቅ ጓንጉል ጠጋ አለና፣

«እኛ አስከሬኑን እያየን እናለቅሳለን፤ እሳቸው መሬቱን እያዩ ይጽናናሉ» አለው።

አርባው ሲቃረብ ጓንጉል ካህናቱንና ሽማግሎቹን አስከትሎ ባላምባራስ ደጅ ሄደ። “ተዝካር የሚያወጣው ወራሹ ነው። ካህናቱ በማን ቤት ይምጡ?” ብሎ ጠየቀ። ባላምባራስ የሚታረደው በሬና የሚጠመቀው ጠላ ታየውና “ኧረ እኔ ምን ወርሼ! ወራሿ አስካለ አይደለችም እንዴ? ወደሷ ሂዱ!” አለ።

ጓንጉልም እጅ ነሥቶ «እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዲህ ያለ ቸርነት ከእርስዎ አልጠበቅሁም ነበር» አለና ወጣ።

አስካለ ካሏት ሁለት በሬዎች አንዱን አርዳ ተዝካሩን አወጣች። ባላምባራስም ከላይኛው መደብ ተቀምጦ በላ፣ ጠጣ፣ ጮማ አስደገመ።

በሳምንቱ ዳኛ ፊት ቀረበና “ወንድሜ ሊሞት ሲል ‘ቤቱም መሬቱም ያንተ ነው’ ብሎ በጆሮዬ ነግሮኛል፤ ሴትዮዋ ትውጣልኝ” ብሎ ከሰሰ። አስካለ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች፤ ጓንጉልም ነገረ ፈጇ ሆኖ ከጎኗ አለ። “ጌታዬ፣ ከዚያ ቤት ከወጣሁ የት እወድቃለሁ?” አለች።

ካህናቱ ተጠርተው የሰሙትን መሰከሩ። ዳኛው ወደ ባላምባራስ ዞረው “ታዲያ ያን ዕለት ወራሿ እሷ ናት ለምን አልክ?” አሉት።

“ሐዘን ነዋ ጌታዬ! ሐዘን ልቤን ነስቶኝ ወንድሜ ያለኝን ረስቼው ነው” አለ ባላምባራስ፣ ዐይኑን በኩታው እየጠረገ።

ዳኛው “አንተስ ምን ትመልሳለህ?” አሉት ጓንጉልን።

ጓንጉል እጅ ነሣና፣

«እውነታቸውን ነው ጌታዬ፤ ሐዘናቸውስ ጽኑ ነበር። የተዝካሩ በሬ ተበልቶ እስኪያልቅ አልለቀቃቸውም» አለ።