የአባባ ኤሊ ድምፅና የአያ ጅቦ ፍላሽ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳትም እንደ ሰው በየቤታቸው ኮምፒውተር ማስቀመጥ በጀመሩበት ዘመን፣ ጥሩ ውኃ ከሚባል ምንጭ አጠገብ እመት አህያ ትኖር ነበር። እመት አህያ ጠባይዋ መልካም፣ ጀርባዋ ሰፊ ነው። እንቢ ማለት ግን አልፈጠረባትም። ጉድ ያፈላባትም ይኸው ነው።

በዚያ ዓመት አያ ጅቦ ምንጩን ለብቻው ሊይዝ ተመኘ። «ጥሩ ውኃ የአያቴ ርስት ነው» ብሎ በአንበሳ ሸንጎ በሣር በሎች ላይ ክስ መሠረተ፤ ስለ እነሱ የምትሟገተውም እመት አህያ ሆነች። ምንጩ ለእሱ ከተፈረደ ሣር በል ሁሉ ውኃ ፍለጋ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሄድ ነው። በበጋ ደግሞ ያንን መንገድ ጥጃም ውርንጭላም አይችለውም። የምንጩን ታሪክ ከሥሩ ያውቅ የነበረው አባባ ኤሊ ብቻ ነበር፤ እሱም ባለፈው ክረምት አርፏል። ደግነቱ፣ ከመሞቱ በፊት እመት አህያ የምስክርነት ቃሉን በድምፅ ቀድታ ኮምፒውተሯ ላይ አስቀምጣ ነበር። ያላት ቅጂ አንድ፣ ያስቀመጠችበትም ቦታ አንድ ነው። ሸንጎው የሚቀመጠው ቅዳሜ ነበር።

ረቡዕ ጧት አያ ጅቦ ፍላሽ ባንገቱ አንጠልጥሎ ከበሯ ላይ ቆመ።

«እመት አህያ፣ እንዴት አደርሽ? የኔ ኮምፒውተር ታሞ ተኝቷል። ይቺን ፍላሽ ላንድ አፍታ ልሰካና አንድ ነገር ልይባት» አላት።

«ምን ልታይ ነው?»

«በሬ ደርሶኛል። ሙሉ በሬ፣ ከነሻኛው። ‹እንኳን ደስ ያለዎት፣ በሬዎን ለመውሰድ ይህን ይጫኑ› የሚል መጣልኝ። ተጫንኩት። አርባ ጊዜ ተጫንኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። በሬው ግን ፍላሿ ውስጥ ሳይገባ አይቀርም።»

እመት አህያ ነገሩ አላማራትም። ቢሆንም ያገሩን ወግ ታውቃላችሁ፤ ተካሳሾች በሸንጎ ይሟገታሉ፣ በሰፈር ግን እሳት ይጫጫራሉ። «ብከለክለው ቂመኛ ይሉኛል፤ ፍላሽ መሰካት ደግሞ ምን ይጎዳል?» ብላ አሰበችና «እሺ፣ ግባ» አለችው። ይሉኝታ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ልቁጠር ብል ይመሽብኛል።

አያ ጅቦ ሰካ፣ እያንዳንዱን ነገር ጫን ጫን አደረገ፣ በሬ አጣ። «ይኼ ኮምፒውተር አይረባም» ብሎ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ሄደ።

እሱ ከወጣ በኋላ እመት አህያ ኮምፒውተሯ ላይ ያሉትን ዶሴዎች፣ ማለትም ፋይሎቿን፣ ብታይ ሁሉም ተለውጠዋል። እያንዳንዱ ዶሴ ጥጓ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባት ምልክት ሆኗል። የውርንጭላዋን ፎቶ ብትነካ አይከፈትም። «አባባ ኤሊ» የሚለውን ብትነካ አይከፈትም። ደጋግማ ነካችው፤ ምንም የለም። ያን ጊዜ የጮኸችውን ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ወይዘሮ ቀበሮ ናት። ወይዘሮ ቀበሮ በመንደሩ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከፍታለች። የምታውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ፎርማት፣ ማለትም ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር። ኮምፒውተር ቢዘገይ ፎርማት፣ ድምፁ ቢጠፋ ፎርማት፣ አይጥ ገመዱን ብትበላውም ፎርማት። በዚህ ጥበቧ በመንደሩ ያልተደመሰሰ የሰርግ ፎቶ የለም።

ወይዘሮ ቀበሮ ስክሪኑን አየችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እመት አህያ። ቫይረስ ነው። ሁሉንም በልቶታል።»

«አባባ ኤሊስ?»

«ሁለተኛ ሞተ በይው። አሁን የሚተርፈው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ ፎርማት ከተደረገ። ነገ ወደ ሱቄ አምጪልኝ።»

«ዋጋውስ?»

«ከጎረቤት ምን ይወሰዳል ብለሽ ነው! ዓመቱን ሙሉ ገበያ ስወጣ በጀርባሽ ብታደርሺኝ ይበቃኛል። ስመለስም ታዲያ።»

እመት አህያ እንደ ልማዷ እሺ አለች። ጭነት አዲስ ነገር አይደለባትም። ያንገበገባት የጥጆቹ ነገር ነው። ቅዳሜ ሸንጎ ፊት ቆማ ምን እንደምትል አታውቅም።

ሐሙስ ጧት የኮምፒውተሩን ሳጥን በጀርባዋ አስራ እንባዋን እያዘራች ወረደች። መንገዱ በእትዬ ጃርት ጉድጓድ በኩል ያልፋል። እትዬ ጃርት ያረጀች ኮምፒውተር አላት፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርታባታለች፣ አንድ ቀን ጥገና ቤት ወስዳት አታውቅም። ይህን ግን የሚያውቅላት የለም፣ ከቤቷም አትወጣ። ሲያናግሯት ስለምትቆጣም ብዙ ሰው አይጠይቃትም።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ሞቶብሽ ነው ሳጥን ተሸክመሽ የምታለቅሺው?» አለቻት ከጉድጓዷ አፍ ላይ።

እመት አህያ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። እትዬ ጃርት እሾኋን አንኮሻኮሸች።

«ነጭናጫ ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን ሳያዩ መቅበር ደግሞ የባሰ ነው። አውርጂው፤ ከኔ ስክሪን ጋር እናገናኘው።»

አገናኙት። እትዬ ጃርት ዶሴዎቹን አልነካቻቸውም። መጀመሪያ ያየችው የማስቀመጫውን መጠን ነው፤ ምን ያህሉ እንደተያዘ፣ ምን ያህሉ ባዶ እንደሆነ።

«እይ እዚህ ጋ» አለች። «ከትናንት ወዲያ ምን ያህሉ ተይዞ ነበር?»

«ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው።»

«አሁንስ?»

እመት አህያ ቀረብ ብላ አየች። «አሁንም ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።»

«ታዲያ እህልሽ ተበልቶ ቢሆን ጎተራው አይጎድልም ነበር? ጎተራው ሙሉ ነው። እህሉ አለ፤ ከዓይንሽ ነው የተሰወረው። ይኼ ቫይረስ ሥራው ይኸው ነው። እውነተኛውን ዶሴ ይደብቅና በደጁ ላይ አስመሳዩን ያቆማል። አስመሳዩን ስትነኪው ደግሞ ራሱን ያባዛል። ስንት ጊዜ ነካሽው?»

«ብዙ ጊዜ» አለች እመት አህያ አንገቷን ደፍታ።

«ገምቼ ነበር። ከዚህ ወዲያ እንዳትነኪው።»

ከዚያ እትዬ ጃርት ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣውን ጸረ ቫይረስ አስነሣች። እመት አህያ እንዲህ ያለ ዘበኛ ቤቷ ውስጥ እንዳለ እንኳ አታውቅም ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይታደስ ተኝቷል። አደሱት። ከጥግ እስከ ጥግ እንዲፈትሽ አዘዙትና ቁጭ ብለው ጠበቁ። ፍተሻው ረጅም ነው፤ እመት አህያ አሥር ጊዜ ተነሥታ አሥር ጊዜ ተቀመጠች።

«ይኼ ዘበኛ ስንት ይከፈለዋል?» አለች በመሐሉ።

«ምንም። ግን ነፃ የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ልጄ። ከቤትሽ ያለ ነፃ አለ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ‹ነፃ! ነፃ! ኮምፒውተርሽ ታሟል፣ እኔን ጫኚኝ› ብሎ የሚጮህም ነፃ አለ። የሚጮኸውን እለፊው። የጅቦን በሬ አላየሽም?»

ዘበኛው ሲጨርስ ቀስት ያለባቸው አስመሳዮች ጠፍተዋል፤ ስክሪኑ ግን ባዶ ሆነ። እመት አህያ እንደገና ልትጮህ ደረሰች። እትዬ ጃርት ሳትደነግጥ የዶሴ ማሳያውን ቅንብር ከፈተችና «የተደበቁትን አሳይ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። አንዳንዶቹ መጡ። ከሥር ያለውን ሌላ መከለያም አነሣች። የቀሩትም ተከትለው መጡ፤ ፈዘዝ ብለዋል፣ ነገር ግን ሁሉም አሉ። የውርንጭላዋ ፎቶ አለ። «አባባ ኤሊ» አለ።

ድምፁን ከፈቱት። መጀመሪያ የተሰማው ሳሉ ነው፤ አባባ ኤሊ ንግግር ሲጀምር ሁልጊዜ እንደሚስለው። እመት አህያ አለቀሰች፤ ይኼኛው የደስታ ነው። እትዬ ጃርትም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆየች፤ አባባ ኤሊ ወዳጇ ነበር።

ሲረጋጉ እትዬ ጃርት ቁጣዋን መለሰች።

«እንደዚህ ያለ ቃል አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል? ‹ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ› ሲባል አልሰማሽም? አንዱን በፍላሽ ቅጂና ከቤትሽ አስቀምጪ፤ አንዱን እኔ ጋ ተዪ። ቤትሽ ቢቃጠል የኔ ይተርፋል፤ የኔ ጎርፍ ቢገባው ያንቺ ይተርፋል።»

«እሺ፣ እትዬ። ግን ነገም አንዱ ጎረቤት ፍላሽ ይዞ ቢመጣ እንዴት አድርጌ እንቢ እላለሁ? ያሳፍራል እኮ።»

«ማን እንቢ በይ አለሽ? እንግዳ ቤትሽ ሲመጣ ከመሶቡ በፊት ምን ታቀርቢለታለሽ?»

«የእጅ ውኃ።»

«ተቀይሞሽ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ፤ ባላቀርብ ነው የሚቀየመኝ።»

«ፍላሽም እንደዚያው ነው። ይሰካ፤ ግን ሳይከፈት ዘበኛው ይፈትሸው። ‹እጅ ይታጠብ› በይና በፈገግታ አስፈትሺ። በይ ቅጂውና ሂጂ፤ ሥራ አለብኝ።»

እመት አህያ ቀዳችው። ወደ ወይዘሮ ቀበሮም አልወረደችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ» ያለችውን ነገር ተወችው፤ ትንሽ ብታፍርም መንገዱን ሁሉ ጀርባዋ ቀሏት ሄደች።

ወይዘሮ ቀበሮ ቀኑን ሙሉ ጠብቃ ብታጣት «በኀዘን አልጋ ይዛ ይሆናል» አለች። ያንኑም ለአያ ጅቦ አወራችለት። አያ ጅቦ ምንጩን ያገኘ ያህል ተደሰተና አርብን በዘፈን ዋለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንበሳ ከዝግባው ሥር ችሎት ተቀመጠ። ጥጆች፣ ድኩላዎች፣ በጎችና ፍየሎች ዙሪያውን ቆመዋል። አያ ጅቦ ስለ አያቱ ርስት ረጅም ነገር ተናገረና ተቀመጠ።

«እመት አህያ፣ ምስክር አለሽ?» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ አላስችል ብሎት ተነሣ። «ጌታዬ፣ ምስክር የላትም። የኔ ፍላሽ በልቶታል፤ ወይዘሮ ቀበሮ በዓይኗ አይታለች።»

ሸንጎው ተንጫጫ። ወይዘሮ ቀበሮ ከኋላ በኩል ጭራዋን አጥፋ ቀስ ብላ ስትወጣ ብዙዎች አይተዋታል።

«አለኝ፣ ጌታዬ» አለች እመት አህያ። ድምፅ ማጫወቻዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ፍላሿን ሰካች።

ሳሉ ተሰማ። ቀጥሎ ያ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ።

«እኔ ኤሊ ነኝ። የማውቀውን እናገራለሁ። በክፉው ድርቅ ጊዜ እዚህ ምንጭ አልነበረም፤ እርጥብ መሬት ብቻ ነበር። በደቦ ቆፈርነው። በሬ አፈር ገፋ፣ አህያ ድንጋይ ተሸከመች። ድንጋዩ አልፈነቀል ሲለን ግን ሁላችንም ተስፋ ቆረጥን። ያን ጊዜ የመጣልን የአያ ጅቦ አያት ነው። እንደሱ ያለ ጥፍር አላየሁም። ሦስት ቀን ቆፈረ፣ ጥፍሩ ደማ፣ በሦስተኛው ቀን ውኃው ፈለቀ። ‹ያንተ ይሁን› ብንለው ‹የተጠማ ሁሉ ይጠጣው› አለ። በዚህ ቃል ተማማልን። እውነቱ ይኼ ነው።»

አንበሳ ብዙ አላሰበም። «ጥሩ ውኃ እንደ መሐላው የሁሉ ነው። አያ ጅቦም እንደ ማንም ይጠጣል» ብሎ ፈረደ። ጥጆቹ እየዘለሉ ወደ ምንጩ ሮጡ።

አያ ጅቦ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሲሰድቡት እንጂ ስለ ዘሩ መልካም ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። ሁሉም ሲበተን ወደ እመት አህያ ቀረበ።

«ስለ አያቴ ያለውን ደግመሽ አሰሚኝ» አለ።

አሰማችው። ሦስተኛም ጠየቃት፤ አሰማችው።

«ለልጆቼ መውሰድ እችላለሁ?»

እመት አህያ ያን ክስ፣ ያን ረቡዕ፣ ያን ሁሉ እንባ አሰበች። «ትችላለህ» አለችው በመጨረሻ። «ፍላሽህን መጀመሪያ ቤቴ አስፈትሼ አጸዳዋለሁ፤ እስከዚያ ደጅ ላይ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።» አያ ጅቦ ጠበቀ። ትዕግሥት የማያውቀው ጅብ እስከ ቀትር ድረስ ድምፁን ሳያሰማ ደጇ ላይ ተቀመጠ። በዚያ ሳምንት የአባባ ኤሊ ቃል በአሥራ አንድ ቤት ተቀዳ፤ የጅብ ግልገሎችም የቅድመ አያታቸውን ታሪክ እየሰሙ አድገው ምንጩን ከደለል የሚጠርጉት እነሱ ሆኑ።

ከዚህ የምንማረው የጠፋ የመሰለን ነገር ሁሉ ጠፍቶ ስለማይሆን ከመደምሰሳችን በፊት ረጋ ብለን እንድንፈልግ፣ ውድ ነገራችንንም ገና በእጃችን ሳለ አባዝተን እንድናስቀምጥና ለጎረቤት በራችንን ስንከፍት ጥንቃቄን እንደ ነውር እንዳንቆጥር ነው።