በድስቱ ሆድ ውስጥ የተጻፈው

«አንድ ሰው ነበረ።»

ከብዙ ዓመት በፊት ጋሼ ዘርጋው ለስንዱ እንዲህ ብለው ጀመሩላት። ሰባተኛ ክፍል ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ትምህርቷን ያቋረጠችውም ከዚያው ክፍል ነው። ያን ቀን ትንሿን ልጇን አዝላ መጥታ ጠየቀቻቸው፦ «ጋሼ፣ የትምህርት ቤት ደብተሮቼን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ አኑሬያለሁ። ዛሬ ልጄ ካልነካሁ ብላ ስታስቸግረኝ እጇን መታኋት። ከትምህርቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ማስቀመጥ ጥፋት ነው እንዴ?»

ሰውየው ሀብታም ነው፣ አሉ ጋሼ ዘርጋው። ጥንታዊ የቻይና ዕቃ ይሰበስባል፤ ወርቅ የተለበጠ ነሐስ፣ ለሙታን መሥዋዕት የሚቀርብበት ባለ ሦስት እግር ድስት። ሻጭ ሲመጣ «ዘመኑ ስንት ነው? ከማን መቃብር ወጣ?» ይላል እንጂ «ማን ይበላበት ነበር?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ልጆቹ ወደ ዕቃው ክፍል ብቅ ሲሉ «ወዲያ በሉ! ትንፋሻችሁ ያበላሸዋል!» ይላቸዋል። እንዲህ እየተባሉ አደጉ።

አብልጦ የሚወደው ድስት ሆዱ ውስጥ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። የንጉሥ ስም ነው ብሎ ያምናል። አንድ ቀን የጥንቱን ፊደል የሚያነብ ቻይናዊ ሽማግሌ አስመጣ። ሽማግሌው ድስቱ ላይ አቀርቅሮ ቆየና ሳቀ።

«የማን ስም ነው?» አለ ሀብታሙ።

«ስሙስ ጠፍቷል። የቀረው ‹ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ለዘላለም ይገልገሉበት› ይላል።»

ሀብታሙ ግራ ገባው። ድስቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ድስቱን አቅፎ ልጆቹን ጠራ። ጢም ያበቀሉ ልጆቹ መጡ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። «ግቡ እንጂ!» ቢላቸው እርስ በርስ ተያዩ። እግራቸው እሺ አላለም።

ጋሼ ዘርጋው ወደ ስንዱ ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ድስቱ ደብተሮችሽ ናቸው፤ ደጃፍ ላይ የቆመችው ጀርባሽ ላይ ያለችው ናት። እሷ ገና ትንሽ ናት፤ ብትጠሪያት ትገባለች።»

«ከቀደደችውስ?»

«ትቀደዋለቻ!»

ስንዱ ይብሱን ተምታታባት። ይቀደዳል እያሉ አውጪው ይላሉ? መንገዱን ሙሉ ስታስብ ሄደች፤ ሀብታሙ እሷ ትሁን ተቆልፎበት የኖረው ድስት እሷ ትሁን መለየት አቃታት።

ቤት ስትገባ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ሳጥኑን ከፍታ የታሪክ ደብተሯን አወጣች። «እንኪ» አለቻት። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

ስንዱ ደብተሩን ያልተጻፈበት ገጽ ላይ ገልጣ ምንጣፉ ላይ አኖረችው። እርሳስ ቀርጻ አጠገቡ አስቀመጠችና ፈቀቅ አለችላት።