ጃርትና የደጁ ዋንዛ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ «የዋንዛ ሥር ቤት» በሉኝ።

አንድ ነጭናጫ ጃርት ነበር። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖርበትን ጎሬ የማሰው በግቢው ካለ ዋንዛ ሥር ነው። ሌሊት ሲዞር አድሮ ቀን ሊተኛ ሲል፣ የዋንዛ ፍሬ የሚለቅሙት ወፎች በጫጫታ እንቅልፍ ነሱት። ቢመረው ዳኛዋ ኤሊ ዘንድ ሄደ።

«እመት ኤሊ፣ ይፍቀዱልኝና የግቢዬን ዛፍ ልጣለው» አላት።

ኤሊ ሕግ እንጂ ችኮላ አታውቅም። ቆይታ ቆይታ፣ «አያ ጃርት፣ ግቢው ያንተ ቢሆንም እርጥብ ዛፍ አይነካም። የሚቆረጠው የደረቀ ብቻ ነው» አለችው።

ጃርት ደስ ብሎት ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዋንዛውን ቅርፊት ዙሪያውን፣ ሥሩንም እየማሰ ይግጠው ጀመር። በጋው ሳያልቅ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ደረቀ። ወፎቹም ሄዱ። ጃርት ግን ግንዱ ሲወድቅ ካላየ ንዴቱ አልወጣለትም።

ኤሊ ዘንድ ገሥግሦ፣ «ደረቀ!» አላት።

«ከደረቀማ ቁረጠው።»

ፈቃዱን አግኝቶ እየፎከረ ሲመለስ፣ ደጁ ላይ ክው ብሎ ቀረ። እሾሁ ሁሉ ቆመ። ወየው! እሱ ሳይኖር የመጣ ነፋስ ዋንዛውን ገንድሶታል፤ ሥሩም ሲነቀል ጎሬውን ከነጓዳው ገልብጦታል። ሚስቱ ልጆቿን አቅፋ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችውና፣

«ፈቃዱ ተገኘ?» አለችው።

ተረቴን መልሱ፣ ለነዚያ ልጆች ጎጆ ቀልሱ።