ዳገት ላይ የምትጮኸው ዳማ

፦ ተረት ተረት።

፦ ንገሪን በእውነት።

በእውነትማ ከሆነ ተረትነቱ ምኑ ላይ ነው? ደግሞ ማነው አፉን ሞልቶ የሚመልስልኝ? በቆሎውን ዋጡና መልሱ። እንደገና። ተረት ተረት።

፦ ንገሪን በእውነት።

አሁን ደህና። በድሮ ዘመን ነው። ድሮ ስላችሁ አንበሳና ጦጣ የሚነጋገሩበት ድሮ አይደለም። መኪና ያለበት ድሮ ነው። አንተ ምን ያስቅሃል? መኪናም ያረጃል፣ ሲያረጅ ተረት ይወጣዋል። ዝም ብለህ ስማ።

በድሮ ዘመን አንድ ጌጡ የሚባል ሰው ነበር። ረጅም ነው፣ ዓይን አፋር ነው፣ ሰው ይወደዋል። አንዲት አሮጌ መኪናም ነበረችው። መልኳ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ስለሆነ ዳማ ይላታል። በዚያ አገር ሌላ መኪና የለም። ለገበያውም ዳማ ናት፣ ለሠርጉም ዳማ ናት፣ ለለቅሶውም ዳማ ናት።

መንደሩ ሜዳ ላይ ነው። ገበያውና ጤና ጣቢያው ግን ከዳገቱ በላይ ናቸው። ዳገቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። እና የዚያ አገር ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ዳገቱ ስር ሲደርሱ ጌጡ ያቆማል። ሰው ሁሉ ይወርዳል። አሮጊት ናት፣ አንክበዳት ይልና በእግሩ ይወጣል። ጌጡ ባዶዋን ብቻውን ነድቶ አናቱ ላይ ይጠብቃቸውና እንደገና ይሳፈራሉ። ማንም አላዘዛቸውም፣ እንዲሁ ለመዱት።

ጌጡ ሚስት ነበረችው፣ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ሳቂታ ናት፣ ምላሷም አያርፍም። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቷታል። ጌጡ አባቱን አያውቅም፣ እሱ ሲወለድ አባቱ አገር ውስጥ አልነበረም፣ ከዚያም አልተመለሰም። ስለዚህ ጌጡ፣ የእኔ ልጅ ሲወለድ እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ ብሎ ለራሱ ምሎ ነበር። ይቺን ያዙልኝ።

አንድ ቀን ጌጡ ብቻውን ዳገቱን ሲወጣ ነዳጅ ሰጣት። ከእግሩ ስር ጓ፣ ጓ፣ ጓ አለ። እግሩን አነሳ። ዝም አለ። ደግሞ ረገጠ። ጓ፣ ጓ፣ ጓ። አነሳ። ዝም። ጌጡ ፈራ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ።

ከዚያም ጎረቤቱን አያ ውቤን ጠራው። አያ ውቤ የማላውቀው የለም የሚል ሽማግሌ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው እኛም መንደር አለ፣ ስሙን አልጠራም።

፦ አያ ውቤ፣ እስቲ ግባና ስማልኝ፣ አለው።

አያ ውቤ ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። አሁን ጌጡ ሽማግሌ አስቀምጦ እንዴት ነዳጅ ይርገጥ? ነውር መሰለው። እንደ እንቁላል ይዞት ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞሮ መለሰው። ዳማ ትንፍሽ አላለችም።

፦ ምንም አልሰማሁም፣ አለ አያ ውቤ።

፦ ትናንት ትጮህ ነበር።

፦ ዛሬስ?

፦ ዛሬማ ዝም አለች፣ አለ ጌጡ አቀርቅሮ።

ከዚያም ጌጡ ከላይኛው ከተማ አንድ መካኒክ ለምኖ አመጣ። መካኒኩ ደግሞ እንግዳ ነው። እንግዳ ይንገጫገጫል? ጌጡ እሱንም ቀስ አድርጎ አዞረው። መካኒኩ ጆሮውን አቁሞ ዋለና፣ መኪናህ ጤነኛ ናት፣ አንተ እረፍት ያስፈልግሃል ብሎት ሄደ። አያችሁልኝ? ያችን ዳማ የገደላት የባለቤቷ ይሉኝታ ነው። ሰው ፊት ነዳጅ መርገጥ ያፍራል፣ ሳይረግጥ ደግሞ አትጮህም።

አያ ውቤ ግን ሌላ ነገር አወራ።

፦ ሰው ሲኖር ዝም ትላለች፣ ብቻውን ሲሆን ትጮሃለች። ይሄ የብረት ጠባይ አይደለም። አንድ ነገር ሰፍሮባታል፣ አለ።

ሰውም ሰማና ፈራ። ማንም አልሳፈር አለ። ገበያ በእግር ሆነ። ዳማ ደጅ ቆማ ዶሮ ሰፈረባት።

ወሬው ተራራውን ዞሮ የማንጠግቦሽ እናት ጆሮ ገባ። እማማ የሻረግ ይባላሉ። አጭር ናቸው፣ ቆፍጣና ናቸው። ባላቸው ወፍጮ ነበራቸውና ሃያ ዓመት ከወፍጮው ሞተር አጠገብ ኖረዋል። በቅሎ አስጭነው መጡ። ገና ሳይቀመጡ እንዲህ አሉ፦

፦ ልጄን ልወስዳት ነው የመጣሁት። እኔ ቤት ትወልዳለች። የእኛ መንደር ጤና ጣቢያ ደጃፌ ላይ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ዳገቱ ስር ውረጂ ልትላት ነው?

በዚያ አገር ባል አማቶቹ ቤት ገብቶ ምጥ አይጠብቅም። ማንጠግቦሽ ከሄደች የልጁን ነገር ለጌጡ የሚነግረው መልእክተኛ ነው። ጌጡ ይህን ያውቃል። አማት ፊት ግን እንኳን ሊከራከር ቀና ብሎም አያይም። መሬት መሬቱን እያየ ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ማንጠግቦሽ አየችው።

፦ እማዬ፣ መጀመሪያ መኪናዋን ስሚያት። አንቺ ሞተር ታውቂያለሽ። የማትረባ ከሆነች አብሬሽ እሄዳለሁ፣ አለች።

እማማ የሻረግ በጎን አዩዋት። ከዚያም ወደ ጌጡ ዞሩ።

፦ መቼ ነው የምትጮኸው? ቆማ ስትሰራ?

፦ አይደለም፣ እማማ።

፦ ቁልቁለት ስትወርድ?

፦ አይደለም።

፦ መሪውን ስታዞር? ፍሬን ስትይዝ?

፦ አይደለም፣ እማማ። ነዳጅ ስሰጣት ነው።

፦ ጉልበት ስታወጣ በለኛ። ወፍጮም እንደሱ ነው። ባዶውን ሲዞር ደህና ነው፣ እህል ሲገባበት ነው ሕመሙን የሚናገር። በል ንዳልኝ።

ገብተው ተቀመጡ። ጌጡ ነዳ። አነዳድ እንዳይመስላችሁ፣ በቅሏቸው ትቀድመው ነበር። ላብ በግንባሩ ይወርዳል። ዳማ ዝም። ማንጠግቦሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

፦ እማዬ፣ ብቻውን ሲሆን እንደዚህ አይነዳም። አንቺን አፍሮ ነው፣ አለች።

እማማ የሻረግ ይሄን ሲሰሙ አማቻቸውን አዩት። አንገቱ ድረስ ቀልቷል። አልተቆጡትም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አነሱና ፊታቸውን ጥርቅም አድርገው ሸፈኑ።

፦ አሁን እኔ የለሁም። ብቻህን ነህ። ንዳ፣ አሉ ከነጠላው ስር።

ጌጡ ዘወር ብሎ አያቸው። ፊት የለም፣ ነጠላ ብቻ ነው። ቀለል አለው። እግሩን ጫነ። ጓ፣ ጓ፣ ጓ። ዳማ ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ አያ ውቤ ከአጥሩ ጀርባ ሦስት ጊዜ አማተበ።

፦ አቁም። ሰማኋት። ይሄ ሰይጣን አይደለም፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ ነው፣ አሉ እማማ የሻረግ።

ከዚያም ወረዱና ኮፈኑን አስከፈቱ።

፦ ሞተሩ ይታገል፣ መኪናዋ ግን ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ። ይቻላል? አሉት።

፦ ይቻላል።

ጌጡ የእጅ ፍሬኑን ያዘ። አያ ውቤም ፈራ ተባ እያለ መጥቶ በየጎማው ድንጋይ አስገባ። እማማ የሻረግ ከፊቷ አልቆሙም፣ በጎን ቆሙ። ያችን ረጅም ምርኩዛቸውን አነሱና አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ወፍጮ ቤት የለመዱት ነው፣ እንጨት ድምፅ ያመጣል። ጌጡም የተከፈተው ኮፈን አማቱን ስለጋረደለት ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ሰጣት። እማማ የሻረግ ምርኩዙን ወዲያ አደረጉ።

፦ እዚህ የለም።

ወዲህ አመጡት።

፦ እዚህም የለም።

ከዚያም በስተቀኝ፣ ሞተሩ የተቀመጠበት እግር ላይ አሳረፉት። ጆሯቸውን ወዲያው ነጠቁ።

፦ እቺ ናት። ና እይ።

ጌጡ ወርዶ አየ። ሞተር እንዲሁ ብረት ላይ አይቀመጥም፣ ከስሩ ወፍራም ጎማ አለው። የዳማ ጎማ በእርጅና ተበልቶ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ሆኗል። ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ ተመልሶ ባዶ ብረት ላይ ቁጭ ይላል። ጓ የሚለው እሱ ነው። አያ ውቤም አንገቱን አስግጎ አየና፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር አለ።

፦ አዲሱ ጎማ ከከተማ ተልኮበት የሚመጣ ነው። ወር ይፈጃል፣ አለ ጌጡ። ፊቱ እንደገና ጠቆረ። ወር ማለት ማንጠግቦሽ የምትወልድበት ነው።

እማማ የሻረግ ቁልቁል እግራቸውን አዩ። እግራቸው ላይ በረባሶ ነው፣ ያ ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው ጫማ። ጎንበስ አሉና የቀኙን አወለቁ።

፦ ይሄስ ጎማ አይደለም?

፦ እማማ፣ በባዶ እግርዎ ሊሆኑ? አለ ጌጡ ደንግጦ።

፦ እኔ በበቅሎ ነው የመጣሁት። እንካ ተቀበል።

ጌጡ በሁለት እጁ ተቀበለ። አያ ውቤ ግንድ አስገብቶ ሞተሩን ከፍ አደረገው። ጌጡ በረባሶውን ከስሩ ከተተና በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። ከዚያም ተመልሶ መሪው ጋ ተቀመጠ። እማማ የሻረግ ሳይለመኑ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ጌጡ ረገጠ። ሞተሩ አጓራ እንጂ ጓ የሚል ነገር የለም። ደግሞ ረገጠ። የለም።

፦ ልጄ እዚህ ትውለድ፣ አሉ እማማ የሻረግ። እኔም ጫማዬ እስኪመለስ አልሄድም።

እንዲህ ብለው ሰነበቱ። ከዚያም አንድ ማክሰኞ፣ ፀሐይ እኩለ ሰማይ ላይ ሳለች ማንጠግቦሽን ምጥ ያዛት። ጌጡ ዳማን አስነሳ። ማንጠግቦሽና እናቷ ከኋላ ገቡ፣ አያ ውቤ ልርዳ ብሎ ጋቢና ገባ። ሜዳውን በደህና አለፉ። ዳገቱ ስር ሲደርሱ ጌጡ ምን ያደርጋል? ቆመ። ልማድ ነዋ። አያ ውቤም በልማዱ በሩን ከፍቶ ወረደ።

፦ ምን ሆናችኋል? እኔ ነኝ የምወርደው? አለች ማንጠግቦሽ ጥርሷን ነክሳ።

ጌጡ መሪውን ጨበጠ። ዳማ ሰው ጭና ያንን ዳገት ወጥታ አታውቅም። ነዳጁን ካልረገጠ አትወጣም። ከኋላው ደግሞ አማቱ አሉ። በመስታወቱ ቀና ብሎ አየ። እማማ የሻረግ በአንድ እጃቸው የልጃቸውን እጅ ይዘዋል፣ በሌላው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይዘዋል።

ጌጡ ረገጠ። ዳማም ወጣች። አያ ውቤ እዚያው መንገድ ላይ በሩን እንደያዘ ሊቀር ነበር፣ ደግነቱ ለቀቀ። የመጀመሪያውን ጥምዝ ዞረች። ሁለተኛውን ዞረች። እያቃሰተች፣ እያጨሰች ወጣች። ከጌጡ እግር ስር ግን ድምፅ አልነበረም። ያ በረባሶ ያዘ።

ጤና ጣቢያው ደረሱ። ማንጠግቦሽን አስገቧት። ጌጡ እንደማለው በሩ ላይ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ሰማ። ጌጡም በሩን ተደግፎ አለቀሰ፣ ሰው ያየኛልም አላለ። እማማ የሻረግ ወጡ። አንድ እግራቸው በጫማ ነው፣ አንዱ ባዶ ነው።

፦ ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አሉት።

ጌጡ ቀና ብሎ አማቱን ዓይናቸውን አያቸው። ያኔ ነው መጀመሪያ ያያቸው። ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ወደ ላይ ጎትተው ጉንጩን ሳሙት።

አያ ውቤ? ደረሰ፣ ደረሰ። ሲመሽ ደረሰ።

ከዚያም ወር አልፎ አዲሱ ጎማ መጣ። ጌጡ በረባሶውን ከዳማ ስር አወጣ፣ በሳሙና አጠበ፣ ለአማቱ በሁለት እጁ አቀረበ። አዲስ ጫማም ገዝቶ ከጎኑ አስቀመጠ። እማማ የሻረግ አዲሱን ለልጃቸው ሰጡ። ያችን ዳማ የተኛችባትን፣ ተጨፍልቃ የሳሳችውን በረባሶ ተጫሙ። አንዱ እግራቸው ከፍ፣ አንዱ ዝቅ እያለ በየገበያው ሄዱ። ሰው ሲያያቸው፣ እማማ፣ ጫማዎ እኮ እኩል አይደለም ይላቸዋል። እሳቸውም ቆም ይሉና እንዲህ ይላሉ፦

፦ የግራዋ የተሸከመችው እኔን ብቻ ነው። የቀኟ ግን ልጄን ከነልጇ ዳገት አውጥታለች።

ተረቴ ይኸው ወጣ፣ ሆዴ ባዶ ቀረ። ተረቴን ለልጆቻችሁ መልሱ፣ ለእኔ ያንን ጥብስ በቆሎ ወዲህ በሉ። ጫፉን አይደለም፣ ወገቡን።