የመጀመሪያዋ እሸት ለውሻ

ጠጋ በሉና ጆሮ ስጡኝ። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ የአያቶቼ አያቶች ገና ጥርስ ሳያወጡ። እዚሁ ዝግባ በር፣ ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ድሃ ሴት ነበረች። ዘመድ የላት፣ በሬ የላት። ምላስ ግን ነበራት።

ባሏ ሲሞት ደርበው የሚባለው ጭቃ ሹም ለሙን መሬቷን ወስዶ ጫካው ሥር ያለውን የዳር ማሳ ሰጣት። «ዳር ካልተጠበቀ መሃል ዳር ይሆናል፤ አንቺ ዳሩን ጠብቂልን» አላት። ጥበቃው ምን ነበር መሰላችሁ? ከርከሮ ከጫካ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእሷን ማሽላ ነው። እዚያ ይጠግብና ይመለሳል። የጭቃ ሹሙ ማሽላ መሃል አገር ያለ ሐሳብ ያፈራል። የአገሩ ደንብ ደግሞ ሦስት መኸር ያላፈራ ማሳ ይነጠቅ የሚል ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ከርከሮ በላው። ሁለተኛውንም ከርከሮ በላው። ሦስተኛው ሲመጣ ደብሪቱ፣ «ከዚህ መሬት የምወጣው በቃሬዛ ነው» አለች።

ያን ጊዜ ባገራችን ውሻ ደጅ ይጮሃል እንጂ አደን አያውቅም። ደብሪቱ ሰው የጣላቸውን ሁለት ቡችሎች አንስታ አሳድጋ ነበር። አንዱን ይታያል አለችው፤ አንዱን ምናለባችሁ አለችው። ስማቸውን በጠራች ቁጥር የሚነደው ጎረቤቱ ነው።

ማሽላው ዘለላ ሲይዝ፣ አንድ ጠዋት ከርከሮ ገባ። ውሾቹን ለቀቀች። ከርከሮው ሮጦ ጉድጓዱ ገባ፤ ይታያልም ተከትሎ አንገቱን ከተተ። ከርከሮ ጉድጓድ የሚገባው ግን በቂጡ ነው፤ ፊቱና ክራንቻው ወደ ውጭ ናቸው። ደብሪቱ ይህን አላወቀችም። ይታያል ጉሮሮው ተዘንጥሎ ሞተ። አቅፋው እንደ ሰው አለቀሰችለት። አገሩ ሳቀ። «ሴትና ውሻ አደን ወጡ» አሉ። እሷ ውሻዋን ቀበረች፤ ገበያ መንገድ ላይ የባዘነች ሌላ ውሻ አመጣችና አልሄድም ብላ ጠራቻት።

ከዚያ ሰባት ቀን ዛፍ ላይ ተቀምጣ አየች። ከርከሮው የትኛው ጉድጓድ እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ አየች። በስምንተኛው ቀን ከርከሮው ለመብል ሲወጣ ጉድጓዱን ሁሉ በግራር እሾህ ደፈነችና ውሾቹን ለቀቀች። ከርከሮው ወደ አንዱ ጉድጓድ ሮጠ፣ እሾህ አገኘ። ወደ ሌላው ሮጠ፣ እሾህ አገኘ። ምናለባችሁ ከፊት እየጮኸ አቆመው፤ አልሄድም ከኋላ ቋንጃውን ያዘችው፤ ደብሪቱ በባሏ ጦር ወጋችው። ሥጋውን ለውሾቹ ሰጠች። ክራንቻውን ደጇ ላይ ሰቀለች። ማሽላዋም ዳነ።

አሁን ሳቁ ቀረና ቁጣ መጣ። ጭቃ ሹሙ ማሳውን ሊነጥቅ ቋምጦ ነበራ። «ርኩስ አውሬ ነክታለች» ብሎ ከምንጩ ከለከላት፤ ግማሽ ቀን ሄዳ ከወንዝ ቀዳች። ከማኅበር ከለከላት፤ ብቻዋን በላች። በመጨረሻ፣ «አንቺ ሴት፣ ውሾችሽን እሰሪ፤ አለዚያ አገር ልቀቂ» አላት። ደብሪቱ ግን ቀድማ ዘርታ ነበርና ማሽላዋን አጭዳ ጎተራ አስገብታለች።

«እሺ ጌታዬ» አለች። ውሾቿን አሰረች፤ ደጇ ተቀምጣ ጥጥ መፍተል ጀመረች።

የከርከሮ መንጋ መጣ። የደብሪቱን ማሳ ባዶ አገኘው። አልፎ የጭቃ ሹሙ ማሽላ ገባ። መሃሉ ዳር ሆነ። ሰው ጮኸ፣ ወንጭፍ ወነጨፈ፤ መንጋው ጉድጓዱ ገባ፣ ተመልሶም ወጣ። የየራሳቸውን ውሾች ለቀቁ፤ ሦስቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ጭቃ ሹሙ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ደጇ ቆመ።

«እመት ደብሪቱ፣ ውሾቹን ፍቺልን።»

«ዛሬ እመት ሆንኩ?» አለች፣ እንዝርቷን ሳታቆም። «ርኩስ አውሬ ነክታለች አላላችሁም?»

«በድለንሻል።»

«እንግዲያው ማሳዬን ማንም አይነካም። ምንጩም አይዘጋብኝም። ደግሞ ከማሽላችሁ የመጀመሪያዋን እሸት ጠብሳችሁ በገዛ እጃችሁ ውሾቼን ታጎርሳላችሁ። እናንተ የምትቀምሱት ከዚያ ወዲያ ነው።»

ጭቃ ሹሙ ጠብሶ አመጣ። ምናለባችሁ ከእጁ በላ። አልሄድም ግን አሽታ ፊቷን አዞረች፤ እስክትበላ ድረስ ሹሙ ተንበርክኮ ጠበቀ። ደብሪቱም አላስቸኮለቻትም። ከዚያ መቀነቷን አጥብቃ፣ እሾኋን ተሸክማ ወጣች፤ የአገሩንም እህል አዳነች።

ይኸው ዛሬም ዝግባ በር እሸት ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀምሰው ውሻ ነው። እንግዳ ቢቸኩል እንኳ «ውሻው ቀመሰ?» ይባላል። ድሃም ሲገፋ አይጮህም፣ አይሳደብም። ደጁ ይቀመጥና «እኔ ውሻዬን አስሬያለሁ» ይላል። ይህን የሰማ ሹም ያን ቀን ማሳውን ሳያይ አይውልም።